የእንግሊዝኛ ቅጽልን ከስምና ከግስ መለየት፦ ከሥራ ማመልከቻዎች የተማርኩት

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ የሰዎችን የሥራ ማመልከቻ፣ ሲቪና ለኤምባሲ የሚገባ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እያዘጋጀሁ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ደንበኞቼ አዲስ ተመራቂዎች፣ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ረቂቁን ራሳቸው በወረቀት ጽፈው ወይም በቴሌግራም ልከው «አንተ ብቻ አስተካክልልን» ይሉኛል። የፊደል ግድፈት ብዙም አያስቸግረኝም፤ ኮምፒውተሩ ከሥሩ ቀይ መስመር ያሰምርበታል። የሚያስቸግረኝ ስም ሊገባበት በሚገባው ቦታ ቅጽል፣ ቅጽል ሊገባበት በሚገባው ቦታ ደግሞ ግስ የገባበት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቃሉ ለብቻው ሲታይ በትክክል የተጻፈ በመሆኑ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ቀጣሪው ግን አያልፈውም።

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ «አይ አም ሰክሰስ ኢን ማይ ወርክ» ብሎ ይጽፋል እንበል። ሊል የፈለገው በሥራዬ ስኬታማ ነኝ ነው። ከአንድ ሥር የወጡ ሦስት ቃላት አሉ፤ «ሰክሲድ» ግስ ነው፣ «ሰክሰስ» ስም ነው፣ «ሰክሰስፉል» ቅጽል ነው። ጸሐፊው ሦስቱንም ሰምቷቸዋል፣ ትርጉማቸውን ቢጠየቅም አይስትም፤ የጎደለው የትኛው በየትኛው ቦታ እንደሚገባ ማወቁ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው እንዲህ ያለውን ችግር ለመፍታት ከደንበኞቼ ጋር ስሠራ ውጤት ያየሁበትን መንገድ ነው። የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት በሙሉ በፊደላችን ስለጻፍኳቸው ድምፅ እያሰማችሁ ብታነቧቸው ይበልጥ ይገቧችኋል።

በትምህርት ቤት ሁላችንም የተማርነው ትርጓሜ አለ፤ ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው፣ ግስ ድርጊትን ያመለክታል፣ ቅጽል ስምን ይገልጻል። ትርጓሜው ሐሰት ባይሆንም ሥራ ላይ ሲውል ብዙ አያራምድም። «ስትሬንግዝ» እና «ስትሮንግ» ሁለቱም ስለ ጥንካሬ የሚናገሩ ናቸው፤ የፊተኛው ስም፣ የኋለኛው ቅጽል መሆኑን ከትርጉማቸው ብቻ ተነስቶ መለየት ያዳግታል። «ኤክስፕሎዥን» ፍንዳታ ማለት ነው፤ ከፍንዳታ የበለጠ ድርጊት ከየት ይመጣል? ሆኖም ቃሉ ስም ነው። «ኖው» ማለትም ማወቅ ምንም እንቅስቃሴ የማይታይበት ሆኖ ሳለ ግስ ነው። ስለዚህ ለደንበኞቼ የምነግራቸው የቃሉን ትርጉም ለጊዜው ወደ ጎን ትተው ሁለት ነገሮችን እንዲመለከቱ ነው፤ ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከምን ቀጥሎ፣ ከምንስ በፊት ይቆማል? በጫፉ ላይስ ምን ዓይነት ቅጥያ ይቀበላል?

ይህ ግራ መጋባት የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ያጽናናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የግሪኩ ሰዋስው ሊቅ ዲዮኒሲዮስ ትራክስ ቃላትን በስምንት ክፍሎች ሲመድብ ቅጽልን ራሱን የቻለ ክፍል አላደረገውም፤ ከስም ጋር ቆጠረው። በግሪክኛም ሆነ በላቲን ቅጽልና ስም ተመሳሳይ የጫፍ ለውጥ ስለሚያሳዩ አመዳደቡ ምክንያት ነበረው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጸሐፊዎችም ይህን ልማድ ወርሰው ለረጅም ዘመን ቅጽልን የስም አንድ ዓይነት አድርገው ሲያስተምሩ ቆይተዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ፤ በረቂቆቹ ላይ ከማየው ስሕተት አብዛኛው የሚመነጨው ከአማርኛ አነጋገራችን ነውና። አማርኛ ስምን ከ«ነው» በፊት አስቀምጦ ሁኔታን መግለጽ ይችላል። «አገሩ ሰላም ነው» እንላለን፤ «ልጆቹ ጤና ናቸው» እንላለን፤ «የሰማኸው እውነት ነው» እንላለን። ሰላም፣ ጤናና እውነት ስሞች ናቸው፤ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ግን አባባሉ አይጎረብጠውም። ይህንኑ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ዘ ካንትሪ ኢዝ ፒስ»፣ «ዘ ቺልድረን አር ሄልዝ»፣ «ኢት ኢዝ ትሩዝ» ይሆናል፤ ሦስቱም ስሕተት ናቸው። እንግሊዝኛ በእነዚህ ቦታዎች ቅጽል ይፈልጋል፤ «ፒስፉል»፣ «ሄልዚ»፣ «ትሩ»። ከ«ኢዝ» ቀጥሎ ስም ሲመጣ እንግሊዝኛ አንባቢ የሚረዳው ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን ወይም አንዱ ከሌላው ወገን መሆኑን ነው። «ማይ ብራዘር ኢዝ አ ዶክተር» ሲባል ወንድሜ ከሐኪሞች ወገን ነው ማለት ነው። በዚሁ ሚዛን «አይ አም ሰክሰስ» ያለው ሰው ስኬት ማለት እኔ ነኝ ያለ ይመስላል፤ ለማመልከቻ ደብዳቤ ትንሽ ይበዛል።

እዚህ ላይ የምጠቀምበት ጥያቄ ቀላል ነው። አንዲት ነርስ «አይ አም ሬስፖንሲቢሊቲ» ብላ የጻፈችውን ረቂቅ ይዛ በመጣች ጊዜ፣ «እህቴ፣ እዚህ ላይ የምትነግሪያቸው ምን እንደሆንሽ ነው ወይስ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ነው» አለችኝ። «እንግዲያው ቅጽል ያስፈልግሻል፤ ‹ሬስፖንሲብል› በዪ» አልኳት። ምን እንደሆነች ብትነግራቸው ኖሮ «አይ አም አ ነርስ» ነበር የምትለው፤ እዚያ ላይ ስም ይገባል፣ ከስሙም በፊት «አ» ይመጣል። ይህች «አ» ወይም «አን» የምትባል ትንሽ ቃል ትልቅ ምልክት ናት፤ እርሷ ካለች ከኋላዋ የሆነ ቦታ ላይ ስም መምጣት አለበት። «ሺ ኢዝ አ ቢዩቲፉል» ብሎ ነጥብ ማድረግ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ወይ «አ» ትወጣለች ወይ «ገርል» የመሰለ ስም ይጨመራል። በዚሁ ምክንያት «ዘ ፕሮጀክት ዋዝ አ ሰክሰስ» የሚለው ትክክል ነው፤ ሥራውን ከስኬቶች እንደ አንዱ ይቆጥረዋልና።

ሁለተኛው የአማርኛ ጫና ከዚህ ይበልጥ ስውር ነው። አማርኛ በግስ የሚገልጻቸውን ብዙ ሁኔታዎች እንግሊዝኛ በቅጽል ይገልጻቸዋል። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ፈራሁ፣ ዘገየሁ፣ ከሥራ ቀረች፣ ተኝቷል፣ ነቅቷል፤ እነዚህ ሁሉ በአማርኛ ግሶች ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን በተለመደው አነጋገር «ሀንግሪ»፣ «ዘርስቲ»፣ «አፍሬድ»፣ «ሌት»፣ «አብሰንት»፣ «አስሊፕ»፣ «አዌክ» የሚባሉ ቅጽሎች ናቸው፤ ቅጽል በመሆናቸውም ብቻቸውን መቆም አይችሉም፣ «አም»፣ «ኢዝ» ወይም «ዋዝ» ከፊታቸው ይፈልጋሉ። በረቂቅ ላይ «አይ ኔቨር አብሰንት ፍሮም ወርክ» የሚለውን ደጋግሜ አያለሁ። ጸሐፊው ከሥራ ቀርቼ አላውቅም ለማለት ስለፈለገና «ቀርቼ» ግስ ስለሆነ «አብሰንት»ንም በግስነት ቆጥሮታል። ትክክለኛው «አይ ዋዝ ኔቨር አብሰንት» ነው። ተገላቢጦሹም አለ፤ «አይ አም አግሪ» የሚለው ስሕተት ሁሉም ሰው ሰምቶት የሚያውቀው ነው። «አግሪ» ግስ ስለሆነ «አም» አያስፈልገውም፤ «አይ አግሪ» ብቻ ይበቃዋል።

ታዲያ «አፍሬድ» ቅጽል፣ «አግሪ» ግስ መሆኑን በምን እናውቃለን? ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ስለ ሰው ውስጣዊ ሁኔታ ይናገራሉ፣ አማርኛቸውም ፈራሁና ተስማማሁ የሚሉ ግሶች ናቸው። መልሱ ቅጥያው ላይ ይገኛል። ግስ ጊዜን ይሸከማል፤ «አግሪ» ትናንት ሲሆን «አግሪድ» ይባላል፣ ለእርሱ ሲሆን «አግሪስ» ይባላል። «አፍሬድ»ን ወደ ትናንት ለመውሰድ ስንሞክር ግን ቃሉ ራሱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከፊቱ ያለው «አም» ወደ «ዋዝ» ነው። ጊዜውን የሚሸከመው ሌላ ቃል ከሆነ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የተቀመጠው ሁኔታ ገላጭ ቃል በአብዛኛው ቅጽል ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የምወስድበት ቃል አለ፤ የሞት ነገር ነው። ለኤምባሲ ወይም ለውርስ ጉዳይ በሚዘጋጅ ደብዳቤ ላይ ሰዎች «ማይ ፋዘር ዋዝ ዴድ ኢን 2008» ብለው ይጽፋሉ። «ዳይ» ግስ ነው፣ «ዴዝ» ስም ነው፣ «ዴድ» ቅጽል ነው። ዓመተ ምሕረት ሲጠቀስ የሚነገረው የተፈጸመ ነገር ስለሆነ ግሱ ያስፈልጋል፤ «ማይ ፋዘር ዳይድ ኢን 2008»። ቅጽሉ አሁን በሕይወት አለመኖራቸውን ይነግራል፤ መቼ እንዳረፉ ለመናገር አይመችም። የምስክር ወረቀቱ ርዕስ ላይ የሚታየው ግን ስሙ ነው። በዚህ ዓይነት ሰነድ ላይ አንባቢው የሚፈልገው ድርጊቱንና ቀኑን በመሆኑ የቃሉ ምርጫ ከሰዋስው ያለፈ ዋጋ አለው።

ከዚህ ቀጥሎ ደንበኞቼን የማስለምዳቸው መፈተኛ «ቬሪ» የሚለው ቃል ነው። የተጠራጠራችሁትን ቃል «ቬሪ»ን አስቀድማችሁ አንብቡት። «ቬሪ ኢምፖርታንት» ያስኬዳል፤ «ቬሪ ኢምፖርታንስ» አያስኬድም፣ ስም ነውና። «ቬሪ ዲፈረንት» ያስኬዳል፤ «ቬሪ ዲፈር» አያስኬድም፣ ግስ ነውና። አማርኛ «በጣም»ን ለግስም ስለሚሰጥ፣ ማለትም «በጣም እወድሃለሁ» ስለምንል፣ ሰዎች «አይ ቬሪ ላይክ» ይላሉ፤ እንግሊዝኛው ግን ለግስ «ቬሪ ማች» ብሎ ወደ ኋላ ያደርገዋል እንጂ ብቻዋን «ቬሪ»ን ከግስ አያጋጥማትም። ይሁንና ይህ መፈተኛ ሁሉን አይፈታም። «ቬሪ» ተውሳከ ግስንም ትቀበላለች፤ «ቬሪ ኩዊክሊ» ትክክል ነው፣ «ኩዊክሊ» ግን ቅጽል አይደለም። በሌላ በኩል መጠን የማይወጣላቸው ቅጽሎች አሉ፤ «ሜዲካል»፣ «ሜይን»፣ «ማሪድ» የመሰሉ ቃላት ቅጽል ሆነው ሳለ «ቬሪ»ን በተለመደው አነጋገር አይወዱም። እንግዲህ ፈተናውን ያለፈ ቃል ወይ ቅጽል ወይ ተውሳከ ግስ ነው፤ የወደቀ ግን ወዲያው ከቅጽልነት አይሰረዝም።

ተውሳከ ግሱን ለመለየት «ሲም» የሚለውን ግስ እጠቀማለሁ፤ መስሎ ታየ ማለት ነው። «ሂ ሲምስ ኩዊክ» ይባላል፤ «ሂ ሲምስ ኩዊክሊ» አይባልም። «ሺ ሲምስ ኢንተሊጀንት» ይባላል፤ «ሺ ሲምስ ኢንተሊጀንስ» አይባልም። «ሲም»፣ «ሉክ»፣ «ስሜል»፣ «ቴስት» የሚባሉት ግሶች የ«ኢዝ» ዘመዶች ስለሆኑ ከኋላቸው ቅጽል ይወዳሉ፤ ቡናው ጥሩ ይሸታል ለማለት «ዘ ኮፊ ስሜልስ ጉድ» እንጂ ሌላ አይደለም። ለእኔ በአንድ ላይ የ«ቬሪ»ና የ«ሲም» ፈተና ከየትኛውም ረጅም የሰዋስው ማብራሪያ የበለጠ ሠርተውልኛል።

ስለ ቅጥያዎች ሰዎች ብዙ ይጠይቁኛል። ቅጥያ እንደ ደንብ ልብስ ነው፤ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ነገር ግን የለበሰው ሁሉ ዘበኛ አይደለም። የእንግሊዝኛ ቅጽል ብዙ ጊዜ በ«-ፉል»፣ በ«-ለስ»፣ በ«-ኤብል»፣ በ«-ኢቭ»፣ በ«-አል» ወይም በ«-ኢክ» ያልቃል፤ ስም በ«-ሽን»፣ በ«-ነስ»፣ በ«-መንት» ወይም በ«-ቲ»፤ ግስ በ«-አይዝ» ወይም በ«-ፋይ»። ይህን በልብ መያዝ ይጠቅማል፤ እኛም በአማርኛ «ዝናባማ»፣ «ኃይለኛ»፣ «ሆዳም» ብለን ቅጽል ስለምናበጅ አሠራሩ እንግዳ አይሆንብንም። ግን «ሃንድፉል» እፍኝ ማለት ሆኖ ስም ነው፤ «አራይቫል» እና «ፕሮፖዛል» በ«-አል» ቢያልቁም ስሞች ናቸው። «-ሊ» ሲታይ ተውሳከ ግስ ነው ብሎ መፍረድም ያሳስታል፤ «ፍሬንድሊ» እና «ላቭሊ» ጥርት ያሉ ቅጽሎች ናቸው። «ኢምፖርታንት» ቅጽል ነው፣ «አካውንታንት» እና «አፕሊካንት» ግን ሰዎች ናቸው። የደንብ ልብሱን ካያችሁ በኋላ በ«ቬሪ»ና በ«ሲም» ማረጋገጥ አትተዉ።

በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ በብዛት የማርመው ዓረፍተ ነገር «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ ኢን ዚስ ጆብ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የቃሉን ክፍል አልሳተም፤ «ኢንተረስቲንግ» ቅጽል ነው። የሳተው ከሁለቱ ቅጽሎች የትኛው ለማን እንደሆነ ነው፤ «ኢንተረስቲንግ» ስሜቱን የሚፈጥረው ነገር ነው፣ «ኢንተረስትድ» ስሜቱ ያደረበት ሰው ነው። ለዚህ ችግር አማርኛ ራሱ ጥሩ መፍትሔ አለው። አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አስፈሪ፣ አስገራሚ፣ አሳሳቢ፣ አስደንጋጭ የሚሉትን ቃላት አስቡ፤ ሁሉም በሌላው ላይ ስሜት የሚያሳድረውን ይገልጻሉ፣ በእንግሊዝኛም አቻቸው ብዙውን ጊዜ በ«-ኢንግ» ያልቃል፤ «ቦሪንግ»፣ «ታይሪንግ»፣ «ፍራይትኒንግ»፣ «ሰርፕራይዚንግ»፣ «ዎሪይንግ»፣ «ሾኪንግ»። የሰለቸው፣ የደከመው፣ የፈራው፣ የደነገጠው ሰው ደግሞ በ«-ኢድ» ይነገራል፤ «ቦርድ»፣ «ታይርድ»፣ «ፍራይትንድ»፣ «ሾክድ»። ስለዚህ «አስ-» ወይም «አ-» ብሎ የሚጀምር አድራጊ ቅጽል በአእምሯችሁ ከመጣ «-ኢንግ»ን፣ «የሰለቸው» ዓይነቱ ከመጣ «-ኢድ»ን ውሰዱ። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች በሚቀጥለው ረቂቃቸው ላይ ሲሳሳቱ ብዙም አላየሁም።

«-ኢንግ» ያለበት ቃል ሁልጊዜ ቅጽል እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። «ሺ ኢዝ ራይቲንግ አ ሌተር» ሲባል «ራይቲንግ» ግስ ነው፤ ደብዳቤ የሚባል ተሳቢ ይዟል፣ «ቬሪ ራይቲንግ» ማለትም አይቻልም። ሲቪ ላይ የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ በሚለው ሥር «ሪዲንግ» ተብሎ ሲጻፍ ስም ነው፣ ማንበብ ማለት። «-ኢድ»ም እንዲሁ ነው፤ «አይ ኤክስፒሪየንስድ ሜኒ ፕሮብሌምስ» ላይ ግስ ሆኖ፣ «አን ኤክስፒሪየንስድ ድራይቨር» ላይ ቅጽል ሆኖ ይገኛል። አንድ በዕድሜ የገፉ ሾፌር «ልጄ፣ ልምድ አለኝ ማለት ‹ኤክስፒሪየንስ› አይደለም እንዴ?» ብለው ሞግተውኛል። «ልክ ነዎት አባባ፣ ልምድ አለኝ ለማለት ‹አይ ሀቭ ኤክስፒሪየንስ› ነው፤ ልምድ ያለው ሾፌር ለማለት ግን ከ‹ድራይቨር› በፊት ቅጽል ስለሚያስፈልግ ‹ኤክስፒሪየንስድ› እንላለን» አልኳቸው። ሁለቱንም ጽፈን ሰጠናቸው፤ አንዱን በመግቢያው፣ አንዱን በሥራ ልምድ ክፍል ውስጥ።

አንዳንድ ቃላት ቅርጻቸውን ሳይለውጡ በሁለትና በሦስት ክፍሎች ውስጥ ይገባሉ፤ ለእነዚህ ብቸኛው መለያ ቦታቸው ነው። «ፋስት» ፈጣን ሲሆን ቅጽል ነው፣ ጾም ሲሆን ስም ነው፣ ጾመ ሲሆን ግስ ነው። «ፔሸንት» ታጋሽም ታካሚም ነው፤ ስለዚህ ነርሶች «አይ አም ፔሸንት» ሲሉ ታጋሽ ነኝ፣ «አይ አም አ ፔሸንት» ሲሉ ታካሚ ነኝ ማለታቸው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣችው ያችው «አ» ናት። «ካይንድ» ደግም ዓይነትም ነው። በከተማችን ሱቆች በር ላይ የሚሰቀለው «ኦፕን» ቅጽልም ግስም ሆኖ በአንድ ቅርጽ ያገለግላል፤ ሲዘጋ ግን «ክሎዝድ» መባል አለበት። በእጅ የተጻፉ ማስታወቂያዎች ላይ የመጨረሻዋ «ድ» ስትቀር ግስ ይሆንና መንገደኛውን በሩን ዝጋ የሚል ትእዛዝ ይመስላል፤ ቅጽል ነው ቢባል ደግሞ ድምፁ «ክሎስ» ይሆንና ቅርብ ማለት ይሆናል።

ድምፅ የሚለያቸውም አሉ። «ፕሬዘንት» ሲባል ጉልበቱ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ካረፈ ቃሉ ስም ወይም ቅጽል ነው፣ ስጦታ ወይም የተገኘ፤ ጉልበቱ ወደ መጨረሻው ከሄደ «ፕሪዜንት» ይሆንና ማቅረብ የሚል ግስ ነው። «ፐርፌክት»ም ቅጽል ሲሆን ከፊት፣ ግስ ሲሆን ከኋላ ይጠብቃል። «ሴፓሬት» ግስ ሲሆን መጨረሻው «ሬይት» ተብሎ ይሳባል፣ ቅጽል ሲሆን ግን አጥሮ «ሴፕረት» ይባላል። ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ሰው እነዚህን ጮክ ብሎ ቢለማመድ ጥሩ ነው።

ከስም በፊት የመጣ ሁሉ ቅጽል ነው የሚለውም እምነት ብዙ ያሳስታል። «ኮፊ ሾፕ»፣ «ስኩል ባስ»፣ «ኮምፒውተር ስኪል» በሚሉት ውስጥ የፊተኞቹ ቃላት ስም እንደሆኑ ሌላውን ስም የሚያብራሩ ናቸው። እኛም ጫማ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ጽሕፈት ቤት እንላለን። ማረጋገጫው «ቬሪ» ናት፤ «ቬሪ ኮፊ ሾፕ» የለም፣ «ዘ ሾፕ ኢዝ ኮፊ»ም አይባልም። ብዙ ሱቅ ሲሆን የሚበዛው የኋለኛው ብቻ ነው፤ «ኮፊ ሾፕስ»።

ብዙ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ ጉዳይ አማርኛና እንግሊዝኛ በጣም ይራራቃሉ። አማርኛ ቅጽልን ከስሙ ጋር ያዛምዳል፤ ትልልቅ ቤቶች፣ ረጃጅም ዛፎች እንላለን፤ የተለየውንና ተሳቢውንም ቅጽሉ ላይ እናሳርፋለን፣ «ትልቁን ቤት ገዛሁ» ስንል ሁለቱም ምልክቶች፣ «-ኡ»ና «-ን»፣ ያሉት በቅጽሉ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ቅጽል ከእነዚህ አንዱንም አይቀበልም። ስለሆነም «ዲፈረንትስ ካምፓኒስ» ስሕተት ነው፤ «ዲፈረንት ካምፓኒስ» ነው። ቅጽሉን ብቻውን አቁመን «ቀዩን ስጠኝ» የምንለውንም እንግሊዝኛ በአብዛኛው «ዘ ሬድ ዋን» ብሎ ይደግፈዋል። «ድሆች» ለማለት «ዘ ፑርስ» የሚሉ አሉ፤ «ፑር» በቅጽልነቱ እንደጸና «ዘ»ን ብቻ ቀድሞ ሕዝቡን ሁሉ ይወክላል፣ ግሱም በብዙ ቁጥር ይሄዳል፤ «ዘ ፑር አር»። በበጎ አድራጎት ድርጅት ለመቀጠር ለሚጽፉ ሰዎች ይህች ነጥብ ብዙ ጊዜ ታስፈልጋቸዋለች።

መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ከቃሉ ቀጥሎ ያለችውን አጭር ምልክት አትዝለሏት። ለስም «ኤን»፣ ለግስ «ቪ»፣ ለቅጽል «ኤ-ዲ-ጄ» የሚሉ ፊደላት ተጽፈው ይገኛሉ፤ ለተማሪ የተዘጋጁት መዝገበ ቃላት ደግሞ «አፍሬድ»፣ «አስሊፕ»፣ «አላይቭ» የመሳሰሉት ቅጽሎች ከስም በፊት እንደማይገቡ ጭምር ያመለክታሉ። የተኛ ሕፃን ለማለት «አን አስሊፕ ቤቢ» አይባልም፣ «አ ስሊፒንግ ቤቢ» ይባላል። እንዲህ ያለ መዝገበ ቃላት ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው አራት ኪሎ ወደሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር፣ ጎራ ብሎ መመልከት ይችላል። በኪስ የሚያዙ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላትን ግን ለዚህ ጉዳይ ብቻቸውን አላምናቸውም፤ ያየኋቸው ጥቂቶቹ ቅጽሉንም ስሙንም በአንድ የአማርኛ ቃል ይተረጉሟቸዋል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የተፈጥሮም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሁለቱም ወገኖች እንግሊዝኛን ስለሚፈተኑ ይህን ጥያቄ ይዘው ይመጡብኛል። አማራጮቹ ሁሉ ከአንድ ሥር የወጡ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ «ዲሳይድ»፣ «ዲሲዥን»፣ «ዲሳይሲቭ»፣ «ዲሳይሲቭሊ» ሲቀርቡላችሁ፣ አማራጮቹን ከማንበባችሁ በፊት ክፍት ቦታውን ግራና ቀኝ ተመልከቱ። ከግራው «አ» ወይም «ዘ» ካለና ከቀኙ ስም ከሌለ ስም ያስፈልጋል፤ ከቀኙ ስም ካለ ግን ቅጽል ነው የሚፈለገው። ከግራው «ኩድ» ወይም «ማስት» ካለና ከቀኙ ሌላ ግስ ከሌለ ግስ ይገባል። ከግራው «ቬሪ» ካለና ከፊቱ ያለው ግስ «ዋዝ» ከሆነ ቅጽሉን ውሰዱ።

ማመልከቻ ለምትጽፉ ደግሞ፣ ከማሳተማችሁ በፊት በረቂቁ ላይ «አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር» እና «ዋዝ» የሚሉትን ሁሉ በእስክሪብቶ አክብቡ፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ የመጣውን ቃል ብቻ መርምሩ። ምን ዓይነት እንደሆናችሁ የሚናገር ከሆነ ቅጽል ይሁን፤ ምን እንደሆናችሁ የሚናገር ከሆነ ስም ይሁንና «አ»ውን አትርሱ፤ «-ኢንግ» ካለበት የምትሠሩትን ነው ወይስ የምታሳድሩትን ስሜት ብላችሁ ጠይቁ። በእኔ ዴስክ ላይ ከሚያልፉት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚገኙት በእነዚህ ክቦች አጠገብ ነው። የሚያከራክሩ ጥቂት ቃላት ይቀራሉ፤ «ፈን» ማለትም ጨዋታ፣ ደስታ የሚለው ቃል በመነሻው ስም ሆኖ ሳለ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በወሬያቸው «ኢት ዋዝ ቬሪ ፈን» እያሉ በቅጽልነት ይጠቀሙበታል። በጽሑፍ ግን ሁሉም ስላልተቀበለው፣ ለቀጣሪ በሚላክ ደብዳቤ ላይ «ኢንጆየብል» የሚለውን ብትመርጡ ይሻላል።